«ምንም እንዳትነኪ» ብለናት ነበር

እናቴ ከእኛ ጋር በርክ መኖር ከጀመረች ወዲህ የማታጓድለው አንድ ልማድ አላት። ሁላችንም ወደየሥራችን፣ ልጆቹም ወደ ትምህርት ቤት ወጥተን ቤቱ ጭር ሲል፣ ቡናዋን አፍልታ በመስኮቱ አጠገብ ትቀመጥና ደሴ ላለችው ታላቅ እህቷ ትደውላለች። በሰመር ወራት በርክ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደሴ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አክስቴም የራሷን ጀበና ጥዳ ትጠብቃለች። ሁለቱም በስልኩ መስታወት እየተያዩ ከአቦል እስከ በረካ ያደርሳሉ። ስንት ዓመት ሙሉ የጎረቤቱን ሁሉ ወሬ እናቴ ከእኛ ቀድማ የምትሰማው በዚህ የቡና ማኅበር አማካይነት ነው።

በ2025 በሰኔ ወር አንድ ጠዋት ሥራ ቦታ ሳለሁ ደወለችልኝ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።)

«ልጄ፣ ይኼ ስልክ ተቀየመኝ መሰለኝ» አለች። «እህቴን አላሳይም አለኝ። በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጽፎ ቁጭ ብሏል።»

«ምን ነካሽ?»

«ኧረ ምንም አልነካሁ! ደግሞ እናንተ ብላችሁኝ ምን እነካለሁ?»

ማታ ገብቼ ሳየው ነገሩ ግልጽ ነው። የምትደውልበት አፕ «ስልክዎ ያረጀ ስለሆነ ከእንግዲህ አልሠራም፤ መጀመሪያ ስልኩን ያድሱ» ይላል። ስልኳ በ2015 የወጣው አይፎን 6ኤስ ነው። ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ደግሞ በ2018 የወጣው 12ኛው ነው። ከዚያ ወዲህ 13ኛው መጥቶ አልፏል፤ 14ኛው መጥቶ አልፏል፤ 15ኛውም እንዲሁ። ስልኩ እነዚህን ሁሉ ሊቀበል ይችል ነበር። በየጊዜው «ልታደስ?» ብሎ ጠይቋል፤ እናቴም በየጊዜው «ቆይ፣ በኋላ» የምትለውን ቁልፍ ተጭናለች። እንግሊዝኛውን ባታነብም የቁልፏን ቦታ ጠንቅቃ ታውቃለች። ስድስት ዓመት ሙሉ «በኋላ» ስትል ኖራለች ማለት ነው።

ለምን? ብዬ ስጠይቃት መልሷ አጭር ነበር። «ራሳችሁ አይደላችሁ እንዴ በእንግሊዝኛ የመጣ ነገር ሁሉ ሌባ ነው፣ ምንም እንዳትነኪ ያላችሁኝ?»

እውነቷን ነው። ብለናታል። እኔ ብቻ ሳልሆን ይህን ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ሁሉ ለእናቱ፣ ለአባቱ ወይም ለአማቱ እንዲህ ሳይል አልቀረም። «ከሶሻል ሴኩሪቲ ነው የምደውለው» የሚሉ ድምፆች፣ «አይ.አር.ኤስ. ሊያሳስርዎ ነው» የሚሉ መልእክቶች፣ «የስጦታ ካርድ ገዝተው ቁጥሩን ይንገሩን» የሚሉ አጭበርባሪዎች የወገኖቻችንን ገንዘብ እንደዘረፉ እየሰማን ሌላ ምን እንበል? እናም ትእዛዙን አጠበቅነው፦ አትመልሺ፣ አትጫኚ፣ አትንኪ። ሌባውንም ቁልፍ ቀያሪውንም አንድ ላይ ከበር መለስን።

ታዲያ አፕዴት ምንድን ነው?

ብዙ ሰው አፕዴትን እንደ ጌጥ ያየዋል። ስዕሉን ለመለወጥ፣ ቁልፉን ከዚህ ወደዚያ ለማዛወር፣ ከዚያም አልፎ አዲስ ስልክ እንድንገዛ ለማድረግ የተፈጠረ የኩባንያ ተንኮል አድርጎ የሚቆጥረውም አለ። (ይህ ጥርጣሬ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።) ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። የስልክ ሶፍትዌር በሰው እጅ የተጻፈ በሚሊዮን የሚቆጠር መስመር ነው፤ በውስጡ ስሕተት አይጠፋም። አንዳንዱ ስሕተት ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን ያገኘ ሌባ አንድ ድረ ገጽ ስለተከፈተ ብቻ ወደ ስልኩ ሊገባ ይችላል። ኩባንያው ቀዳዳውን ሲያውቅ መድፈኛ ይልካል፤ አፕዴት የሚባለው በአብዛኛው ይኸው ነው። መድፈኛው ሲወጣ ደግሞ ቀዳዳው የት እንደነበረ ዓለም ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ያላደሰ ሰው ከበፊቱ የባሰ ይጋለጣል። በጥር 2023 አፕል በ2013 ለወጣው አይፎን 5ኤስ ሳይቀር 12.5.7 የተባለ አፕዴት የላከው ሌቦች እየተጠቀሙበት የነበረ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ስለተገኘ ነው። የአሥር ዓመት ስልክ ነው! ለጌጥ ቢሆን ማን ይጨነቅለት ነበር?

ጉዳዩ ለእኛ ለዋሽንግተን አካባቢ ኢትዮጵያውያን ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ቅርብ ነው። አብዛኞቻችን ረስተነው ይሆናል እንጂ ከኮምፒዩተር ሰላዮች ጋር የተዋወቅነው ቀደም ብለን ነው።

በ2012 መጨረሻ ላይ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ የሆነ አንድ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ከኢሜይል ጋር ተያይዞ የመጣ የጽሑፍ ፋይል ኮምፒዩተሩ ላይ ተከፈተ። በፋይሉ ውስጥ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ተደብቆ ነበር። ሰውዬው «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም በየካቲት 2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክሱ በ2016 ውድቅ ሆነ፤ ይግባኝ ሰሚውም ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ ስላልሆነ መንግሥቱን እዚህ መክሰስ አይቻልም ሲል አጸናው። አንድ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ባለ ኮምፒዩተር ተሰልሎ «ድርጊቱ እዚህ አልተፈጸመም» መባሉ ለብዙዎቻችን እስከ ዛሬ የሚገርም ነው።

በዚያው ዘመን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2013፣ አሌክሳንድሪያ ቢሮ የነበረው የኢሳት ቴሌቪዥን ሠራተኞች በስካይፕ የተላኩላቸው ፋይሎች ሀኪንግ ቲም በተባለ የጣልያን ኩባንያ የተሠራ የስለላ ሶፍትዌር እንደያዙ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በቀጣዩ ዓመት የካቲት አስታወቀ። የኢትዮጵያ ኤምባሲ በወቅቱ አስተባብሏል።

ለዛሬው ርእሳችን ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሦስተኛው ነው። ይኸው ሲቲዝን ላብ በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ዘገባ፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ በአሜሪካ የሚገኘውን የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክን ጨምሮ፣ የቪዲዮ ማያ ገጽ የሚመስል አድራሻ በኢሜይል እንደተላከላቸው ገለጸ። አድራሻውን የተጫነ ሰው ቪዲዮውን ከማየቱ በፊት «መጀመሪያ አዶቤ ፍላሽን አፕዴት ያድርጉ» የሚል ማሳሰቢያ ይመጣለታል። አፕዴቱ የውሸት ነው፤ በውስጡ ሰላይ አለ።

እንግዲህ እናቴ የፈራችው ነገር በምናብ የተፈጠረ አልነበረም። አፕዴት የሚል ልብስ ለብሶ የመጣ ሌባ በመካከላችን አልፏል። የጎደለን እውነተኛውን ከውሸተኛው የምንለይበት ዘዴ ነበር፤ እርሱንም ለእናቶቻችን ማስተማር ሲገባን «አትንኪ» ብለን ተገላገልን።

ዘዴው ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እውነተኛው አፕዴት እርስዎ ሄደው የሚያገኙት ነው፤ ውሸተኛው ወደ እርስዎ የሚመጣው ነው። በድረ ገጽ መካከል ብልጭ ያለ፣ በቴክስት የተላከ፣ በኢሜይል የመጣ፣ ሰው ደውሎ የነገረዎት ሁሉ ምንም ቢያስፈራራ አይጫኑት። አፕል ወይም ጉግል ወይም ሳምሰንግ «ስልክዎ ታሟል» ብሎ አይደውልም። በምትኩ ስልኩ ላይ ያለችውን የጥርስ ጎማ የመሰለች ሥዕል፣ ሴቲንግስ የምትባለውን፣ ራስዎ ይክፈቱ። በአይፎን «ጀነራል»፣ ቀጥሎ «ሶፍትዌር አፕዴት» ነው። በአንድሮይድ ስልኮች እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ከታች በኩል «ሶፍትዌር አፕዴት» ወይም «ሲስተም» የሚል ይገኛል። ስልኩ ራሱ ማታ ላይ «አፕዴት አለ» ቢልም እንኳ «በኋላ» ብለው ዘግተው በሴቲንግስ በኩል ገብተው ያረጋግጡ። እዚያ ካለ እውነት ነው። እዚያ ከሌለ ሐሰት ነው። አበቃ።

ይህን ለእናቴ ሳስረዳት ትንሽ አሰበችና «እንዲያማ ከሆነ እንግዳ በር አንኳኩቶ ሲገባና እኔ ገበያ ወጥቼ ስገዛ ማለት ነው» አለች። ከእኔ ይልቅ አሳጥራ ገባት።

ያ ቅዳሜ

አሁን ወደ ስልኩ ልመለስ። አርብ ማታ «ነገ እናድሰዋለን» ስላት ደስ አላላትም። ስልኩን ከእጄ ወስዳ በነጠላዋ ጠቀለለችው።

«ወንድሜ ይጠፋብኛል።»

አጎቴ በ2021 ነው ያረፈው። ከመሞቱ ከሁለት ሳምንት በፊት የላከላት የድምፅ መልእክት ስልኩ ውስጥ አለ። ርዝመቱ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ስለ ዝናብና ስለ ጤና ነው የሚያወራው፤ መጨረሻ ላይ በልጅነቷ የሚጠራትን ስም ይጠራታል። እሷ ስልኩ የፈለገውን ያህል ይርጅ እንጂ ይህ እንዳይነካባት ነው። ለካ ስድስቱን ዓመት «በኋላ» ስትል የቆየችው ሌባ ፈርታ ብቻ አልነበረም።

በደንብ የተሠራ አፕዴት ፎቶም ሆነ መልእክት አያጠፋም። ቢሆንም ኤሌክትሪክ ሊቋረጥ፣ ባትሪ ሊያልቅ፣ ስልኩ መሐል መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ቅጂ ሳይያዝ አፕዴት መጀመር አይገባም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ፎቶዬ ሁሉ ደመና ላይ ነው» ይላል፤ ሲታይ ግን አፕል በነጻ የሚሰጠው 5 ጊጋባይት ከሞላ ዓመታት አልፎታል፤ ከሞላ ወዲህ የተነሳ ፎቶ ሁሉ ስልኩ ላይ ብቻ ነው። በወር 99 ሳንቲም የሚከፍል ሰው 50 ጊጋባይት ያገኛል። እኛ ግን የመረጥነው ገመዱን ነው። ስልኩን ከኮምፒዩተር ጋር አያይዘን ሙሉውን ገለበጥነው፤ «ቅጂው በይለፍ ቃል ይቆለፍ» የሚለውንም መረጥን። አፑ አልከፈትም ብሎ ስለነበር መልእክቶቹን ብቻ ነጥሎ ማስቀመጥ አልተቻለም፤ የስልኩ ሙሉ ቅጂ ግን የአፑን ውስጥ አብሮ ይይዛል። ቅጂው ሲያልቅ ለእናቴ አሳየኋት። «እዚህ ውስጥ አለ?» አለች ኮምፒዩተሩን እያየች። አለ አልኳት። እጇን ጫን አድርጋ አሳረፈችበት።

ቀጥሎ ቦታ ጠፋ። ስልኩ ሞልቷል፤ አፕዴቱ ደግሞ ጥቂት ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። የሞላው በምን እንደሆነ ስናይ የሳቅነውን ሳቅ አልረሳውም። ከየማኅበሩና ከየቤተ ዘመዱ ግሩፕ የተላኩ የ«እንኳን አደረሳችሁ» ሥዕሎች ናቸው። የመስቀል፣ የገና፣ የጥምቀት፣ የፋሲካ፣ ደግሞ በየጠዋቱ ጽጌረዳ ያለበት «መልካም ቀን»። የአንዱ ዓመት ዶሮ ወጥ ሥዕል ስምንት ጊዜ ተልኮ ስምንት ጊዜ ተቀምጧል። ሁለት ሰዓት ያህል ስንሰርዝ ቆየን፤ እሷ እያንዳንዱን «ይኼን ማን ላከልኝ?» እያለች።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን የይለፍ ቃሉ ነው፤ እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። እናቴ መጀመሪያ ስትመጣ የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ዘንድ ነበር። ስልኩን የገዛንበት ሱቅ ውስጥ ያለ ልጅ አካውንቱን ከፈተላት፤ ኢሜይሉንም ራሱ ፈጠረላት፤ የይለፍ ቃሉን በሱቁ ካርድ ጀርባ ጽፎ ሰጣት። ክፋት የለበትም፤ ሰው ቆሞ እየጠበቀው በችኮላ ያደረገው ነው። ነገር ግን በመካከላችን የስንቱ እናትና አባት ስልክ እንዲህ እንደተከፈተ ሳስብ እደነግጣለሁ። ኢሜይሉን የሚያውቅ የለም፤ የይለፍ ቃሉ ጠፍቷል፤ ማረጋገጫው ቁጥር የሚላከው ድሮ ወደተዘጋ ስልክ ነው። ስልኩ ከታደሰ በኋላ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ ሰው በራሱ ስልክ ደጅ ይቆማል።

እኛን መዝሙረ ዳዊቷ አዳነን። ካርዱ በገጾቹ መካከል ተጣጥፎ ተገኘ። ማረጋገጫው ቁጥር የተላከው ወደ አሮጌው የሜሪላንድ ቁጥር ሲሆን፣ እግዚአብሔር ይስጣትና እህቴ መስመሩን ለልጇ አድርጋው ኖሮ ስድስቱን ቁጥር በስልክ አነበበችልን። ከዚያ በኋላ ኢሜይሉንም ቁጥሩንም ወደሚታወቅ ቀየርናቸው። ስለዚህ የወላጆቻችሁን ስልክ ከማደሳችሁ በፊት አካውንቱ በማን ስም እንደሆነ፣ ማረጋገጫው ወደየት እንደሚሄድ እዩ። ይህን ሳታውቁ አትጀምሩ።

የቀረው ቀላል ነው። ስልኩን ቻርጀሩ ላይ ሰካነው፤ የቤቱን ዋይፋይ ያዝን። (ቤቱ ውስጥ ኢንተርኔት የሌለው ሰው በርክ ሴንተር ያለውን የካውንቲውን ቤተ መጻሕፍት ዋይፋይ በነጻ መጠቀም ይችላል። ባትሪው ከግማሽ በላይ መሆኑን ግን ያረጋግጥ።) የኩባንያው ምልክት ብቻ ያለበት ጥቁር መስታወት ላይ ቀጭን መስመር መሄድ ጀመረች። እናቴ ድፎ ዳቦ እንደጣለች ሴት አጠገቡ ተቀመጠች፤ አልነካችውም፤ ዓይኗን ግን አልነቀለችም። አንድ ጊዜ መስመሯ መሐል ላይ ቆመች፤ አምስት ደቂቃ ያህል አልተነቃነቀችም፤ ሁለታችንም ሳንነጋገር ቆየን። በኋላ ቀጠለች። ብዙ ሰው ስልኩን የሚያበላሸው እዚህች ላይ ነው፤ ቆመ ብሎ ያጠፋዋል። አይጠፋም፤ ይጠበቃል።

ሲነሳ 15ኛው ሶፍትዌር ሆኖ ተነሳ። መጀመሪያ የከፈተችው የወንድሟን ድምፅ ነው። እኔ ወደ ኩሽና ሄድኩ።

ጥርጣሬውስ?

«አፕዴት ስልክ ያዘገያል» ለሚሉ ወገኖች ተገቢውን መስጠት አለብኝ። አፕል በ2017 መጀመሪያ ባወጣው 10.2.1 አፕዴት ባትሪያቸው ያረጁ አይፎኖችን ፍጥነት ዝቅ የሚያደርግ ነገር አስገብቶ ለደንበኞቹ በቅጡ ሳይናገር ቆይቷል። በታኅሣሥ 2017 አመነ። ምክንያቱ ያረጀ ባትሪ ኃይል ሲያጥረው ስልኩ በድንገት እንዳይጠፋ ነው አለ። ይቅርታ ጠይቆ የባትሪ መለወጫውን ዋጋ ለ2018 ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ በ2020ም እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እንግዲህ ጠርጣሪዎቹ ዋሹ ማለት አይቻልም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግን አፕዴቱን መተው ሳይሆን ባትሪውን መለወጥ ነው። የእናቴም ስልክ ከታደሰ በኋላ ዘገም ብሏል፤ አልደብቅም። ባትሪው ሲለወጥ ተሻለው።

አለማደስ ያስከፈለውንም እንይ። በ2019 አሮጌ አይፎን ይዘው ታክሲና ኡበር የሚነዱ ሰዎች፣ ሳያድሱ ኅዳር 3 ቀን ካለፋቸው ካርታቸው የቆሙበትን ቦታ በትክክል ላያሳይ ይችል ነበር። የሳተላይቶቹ የሳምንት ቆጠራ ሞልቶ ከዜሮ ስለሚጀምር፣ ለምሳሌ አይፎን 5 የያዘ ሰው 10.3.4 የተባለውን ማስገባት ነበረበት። ኤርፖርት ተራ ይዞ ለቆመ ሹፌር ካርታ የሌለው ስልክ ምን ይጠቅመዋል? በ2022 ደግሞ ሦስቱ ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች አሮጌውን 3ጂ ዘጉ፤ ኤ.ቲ.ኤንድ.ቲ. በየካቲት 22፣ ቲ-ሞባይል በሐምሌ 1፣ ቬራይዘን በታኅሣሥ 31። የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን ያኔ አጥብቆ ያስጠነቀቀው፣ በአዲሱ መስመር ድምፅ ማስተላለፍ የማይችል ስልክ 911ን እንኳ መጥራት እንደማይችል ነው። ከስልኮቹ አንዳንዶቹ መጣል ነበረባቸው፤ ሌሎቹ ግን የሚያስፈልጋቸው አፕዴት ብቻ ነበር። በ2025 የሆነውም ተመሳሳይ ነው፤ ዋትስአፕ በአይፎን ከ15.1፣ በአንድሮይድ ከ5.0 በታች ያሉትን ትቶ ሄደ።

ቤቱ በርክ መሆኑን አስቡ። እንደ ፌንተን ስትሪት ከደጅ ወጥቶ «እንደምን አደሩ» የሚባልበት ሰፈር አይደለም። መንገዱ ዛፍና ጸጥታ ነው፤ ባለ መኪና ያልሆነ ሰው እስከ ማታ ሰው አያይም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ለምትውል እናት ያ ስልክ አፍ ነው፣ ዓይን ነው፣ ቢያማት ደግሞ አምቡላንስ ነው።

የፊደላችንም ነገር አለ። በየቢሮው ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲከፍተው የማይነበብ ምልክት ብቻ ይታይ እንደነበር ያውቃል። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ በመግባቱ ነው ዛሬ ከደሴ የተጻፈው በርክ የሚነበበው። ግን መዝገቡ አልተዘጋም። በ2005ም በ2010ም ተጨምሮበታል፤ በ2021 ደግሞ ለጉራጊኛ የሚሆኑ ፊደላት ገብተዋል። ያልታደሰ ስልክ አዲሶቹን ስለማያውቅ ባዶ ሳጥን ሊያሳይ ይችላል። እናቴም የአክስቴ የልጅ ልጆች የሚልኩላት ሥዕላዊ ምልክቶች ሳጥን እየሆኑ ይመጡባት ነበር። «እነዚህ ልጆች ሣጥን ብቻ ነው የሚልኩልኝ፤ ምን ማለታቸው ነው?» ስትል ከርማለች። ስልኩ ሲታደስ ሣጥኖቹ ተከፈቱ፤ ብዙዎቹ ልብና እቅፍ ሆኑ።

መጨረሻ አለው

እድሳት ለዘላለም አይደለም። አይፎን 6ኤስና 7 15ኛው ላይ ቆመዋል። አይፎን 8 እና 10 (ኤክስ የሚባለው) 16ኛው ላይ ቀርተዋል። ኤክስ.አርና ኤክስ.ኤስ በ2025 ከወጣው 26ኛው ቀርተዋል፤ እርሱ ከአይፎን 11 ጀምሮ ነው። (ከ18 ወደ 26 ዘለው ቁጥሩን ከዓመቱ ጋር አስማምተውታል፤ ሰባት ቁጥር የጠፋባችሁ አይምሰላችሁ።) ዋና እድሳት ያለፈው ስልክ ትንንሽ መድፈኛዎች ለተወሰነ ጊዜ ሊደርሱት ይችላሉ። በአንድሮይድ በኩል ዕድሜው በአምራቹ ይወሰናል፤ ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ ሰባት ዓመት ቃል ገብተዋል፤ ርካሾቹ ስልኮች ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ በጣም ያንሳሉ። በሴቲንግስ ውስጥ «ሴኩሪቲ አፕዴት» የሚለው ቀን ሁለትና ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ከቀረ፣ በዚያ ስልክ ባንክ አይከፈትበትም። ፎቶ ማያ፣ መዝሙር መስሚያ ይሁን።

አገር ቤት ለሚሄዱም አንድ ቃል። አሮጌ ስልክ በሻንጣ ይዞ መሄድ የቆየ ወጋችን ነው፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ አድሱት፤ እዚያ ጊጋባይቱ በብር የሚከፈልበት ነው። ከአካውንታችሁ ውጡና ሙሉ በሙሉ አጥፉት፤ ሳትወጡ ከሰጣችሁት የወንድማችሁ ልጅ የሚቀበለው የተቆለፈ መስታወት ነው። ስልኩ ለማንኛውም ሲም ክፍት መሆኑንም ከኩባንያችሁ አረጋግጡ። እድሳቱ ካለቀበት ስልክ ጋር ደግሞ እውነቱን ንገሩት።

እናቴ አሁን ወደ ሴቲንግስ መግባት ትችላለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከፍታ ታያለች፤ «ዛሬ ምንም የለም» ብላ ትዘጋለች። ባለፈው ሳምንት ሥራ ቦታ ሳለሁ ደወለች። ስለ ቡና አፈላል የሚያሳይ ቪዲዮ ስታይ መስታወቱ ቀይ ሆኖ፣ ይጮኽ ጀመር አለች፤ «አፕዴት» የሚለውን ቃል አውቃዋለች።

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ሴቲንግስ ሄጄ አየሁ። እዚያ የለም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዘጋሁበት፤ ቡናዬ እየቀዘቀዘ ነው፣ ደህና ዋል» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።